ቀጭን ዘይት

አጎቴ ከጋራዡ ያባረረኝ ዕለት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያባረረኝም ለብቻችን ሆነን አይደለም፤ አዋላጇ ባሉበት፣ ጎሚስታው ባለበት፣ የገዛ አባቴ በር ላይ ቆሞ እያየ ነው። በዘይት የጠቆረ መዳፉን ደረቴ ላይ አሳርፎ ገፋኝ። የአምስት ጣቱ ምልክት በነጩ የትምህርት ቤት ሸሚዜ ላይ ቀረ። እናቴ በሳሙና አሸችው፣ በአመድ አሸችው፣ በላምባ አሸችው፤ አልለቅ አለ። ሸሚዙ አርጅቶ የወለል መወልወያ ሲሆን እንኳ ጣቶቹ ይታዩ ነበር። እኔም እንደ ሸሚዙ ነኝ። የነካኝ ነገር ቶሎ አይለቀኝም። ስድስተኛ ክፍል ላይ "አንተ ለትምህርት አልተፈጠርክም" ብሎ ያስቀረኝን መምህር ዛሬም መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም አልለውም።

ይህን የምጽፈው ቂሜን ላድስ ብዬ አይደለም። የተሳሳትኩበትን ቦታ ስላገኘሁት ነው።

አባቴ በአሮጌ መኪና ለሱቆች ዕቃ ያመላልስ ነበር። ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት፣ አንዳንዴም ለትምህርት ቤታችን ጠመኔ። ጠመኔ የጫነ ቀን ከፊት አስቀምጦ ያደርሰኛል፤ እኔም አንገቴን አቅንቼ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም እላለሁ። መኪናዋ አንድ አመል ነበራት። ከእግራችን ሥር፣ ማርሾቹ ካሉበት ሳጥን፣ ከካምቢዮው፣ ትጮኻለች። መጀመሪያ ማርሽ ላይ ታጉረመርማለች፣ ሁለተኛ ላይ ትነጫነጫለች፣ ሦስተኛ ላይ ግን ወሬ አታስወራም። እኔ ከወለሉ ሥር አንድ የተራበ ነገር ጥርሱን የሚያፋጭ ይመስለኝ ስለነበር እግሬን መቀመጫው ላይ አጥፌ ነበር የምሄደው። አባቴ "አትፍራ፣ እያንጎራጎረች ነው" ይለኛል። አንድ ዓመት ሙሉ አንጎራጎረች።

የእናቴ ወንድም መካኒክ ነው። ሰፈሩ "ጆሮው" ነበር የሚለው፤ መኪና ገና ከማዕዘኑ ሳይታጠፍ ሕመሙን ይናገራል ይባል ነበር። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ መጣና አባቴን ከመሪው አስነሥቶ ራሱ ተቀመጠ። እኔን ከኋላ ጫነኝ። ሞተሩን አስነሣና ማርሽ ሳያስገባ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ያ ጉርምርምታ አለ። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ ጠፋ። ለቀቀ፤ ተመለሰ። ደግሞ ረገጠ።

"ሰማህ ሎሚ?" አለኝ። ፊቴ ሁልጊዜ የተኮማተረ ስለነበር ቤተሰቡ ሁሉ ሎሚ ነበር የሚለኝ። "ፍሪሲዮኑን ስረግጠው ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ። ጩኸቱም አብሮ ከጠፋ፣ የሚጮኸው ማን ነው?"

"ካምቢዮው" አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ መንገድ ወጣን። በአንደኛ ጮኸች፣ በሁለተኛ ጮኸች፣ በሦስተኛ ውሾች ተነሡብን። አራተኛ ሲያስገባ ጸጥ አለች። አባቴ እንደ ተፈረደለት ሰው ፈገግ ብሎ ይኸው ደህና ናት አለ። አጎቴ ሳቀበት። በአራተኛማ ኃይሉ የታችኛውን ዘንግ ሳይጫን ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ የታመመውም ያ የታችኛው ዘንግ ነው፣ የተሸከመው ኩሽኔታ አልቋል ብሎ አስረዳ። ቤት ስንመለስ መኪናዋን በክሪክ አነሣት፣ እንዳትወርድም ግንድ ደገፈባትና ሥሯ ገባ። ረጅም ካቻቪቴ ወስዶ ጫፉን ካምቢዮው ላይ፣ እጀታውን የጆሮው አጥንት ላይ አደረገ። ቀጥሎ እኔን ሳበኝና በኔ ጆሮ ላይ አደረገው። ጠጠር የሚያኝክ ሰው ሰማሁ። እዚህ ጋ ይብሳል ብዬ በጣቴ አሳየሁት።

"ይኼ ልጅ ጆሮ አለው" አለ አጎቴ።

በዕድሜዬ ከተባልኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ነው። ለዚህም ነው ኋላ ያለኝ ነገር እንደዚያ የጎዳኝ፤ ከማይወድህ ሰው የሚመጣ ስድብ ቆዳ ላይ ይቀራል።

ያን ጊዜ አባቴ የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሊይዝ ተቀጥሮ ነበር። አሮጌዋን ደግሞ አዋላጇ ሊገዟት ተስማምተዋል። ከሰፈር ርቀው ያሉ እርጉዞች ብዙ ናቸው፤ እሳቸው ግን እስከዚያ ድረስ በእግራቸውና በለመኑት መኪና ነበር የሚደርሱት። እኔንም ከእናቴ ሆድ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። አጎቴ ይህን ስለሚያውቅ እጁን እየጠረገ፣ ካምቢዮው ወርዶ ሳይከፈት መኪናዋ እንዳትሸጥ ብሎ አባቴን አጥብቆ አሳሰበው። ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር ነበረችው፤ ያን ቀንም ደገማት። "የማይጮኽ አይከፈትም፣ የሚጮኽ አይሸፈንም።" አባቴ እሺ አመጣታለሁ አለ። ሐሙስ አመጣታለሁ አለ፤ ሐሙስም አለፈ። ድርጅቱ ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ ጀምር ብሎታል፤ አዋላጇም ረቡዕ ሊወስዷት ቀጥረዋል።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። የቸኮለ ሰው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ጆንያ ሰጥቶ ወደ አናጢው ላከኝ። ሰጋቱራ አምጣ አለኝ፤ የጥድ ይሁን፣ ቅርፊትና ስንጥር እንዳይኖርበት፣ ደቃቁ ብቻ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ለዶሮዎቹ ማደሪያ ነው አለኝ። አናጢው እስኪ ደግሞ ዶሮ መቼ ነው ደቃቅ የመረጠችው ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ሥራ ስሰጥ የምቀልድ ልጅ አልነበርኩም። ጆንያውን በራሴ ተሸክሜ አመጣሁ፣ የእናቴን የዱቄት ወንፊት ሰረቅኩና ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ነፋሁት። ክንዴ እስኪዝል ነፋሁት። ጣቴ ላይ ሲቀር ዱቄት ይመስል ነበር፤ ልብሴ፣ ጸጉሬ፣ ቅንድቤ ሳይቀር ጥድ ጥድ አለ። አባቴ በመዳፉ ዘግኖ አየና ራሴን ዳበሰኝ። "አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" አለኝ።

ዶሮዎቻችን እስከዚያ ቀን የሚተኙት ደረቅ ሣር ላይ ነበር። ከዚያም በኋላ የተኙት ደረቅ ሣር ላይ ነው። ልጅ እንዲህ ያለውን አያስተውልም።

በማግሥቱ አባቴ መኪናዋን አስነሥቶ፣ እኔን ከፊት አስቀምጦ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረባት። በሦስተኛ አለፈ፤ ድምፅ የለም። ወለሉ ሥር ያለው የተራበ ነገር በልቶ የጠገበ ይመስል ነበር። እግሬን ከመቀመጫው አወረድኩ። ምን አድርገሃት ነው አልኩት፤ ዘይት ቀየርኩላት አለኝ። ከዚያ በኋላ አፌን ማን ይያዘው። አጎቴ ይውረድ ይከፈት ያለውን አባቴ በአንድ ቀን ዘይት አዳናት እያልኩ ከጎረቤት እስከ ክፍል ጓደኞቼ ድረስ አዳረስኩ። ማታ ከመጋረጃው ወዲያ እናቴና አባቴ ሲነታረኩ ሰማሁ።

"የልጁን እጅ ለምን ታስገባበታለህ?" ትላለች እናቴ።

"ልጁ ምን ያውቃል" ይላል አባቴ።

ስለ ወንፊቱ መሰለኝ። ነገ ትገርፈኛለች ብዬ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። አልገረፈችኝም። ጠዋት ፀጉሬን ስታጥበው ብቻ ከወትሮው የበዛ ጊዜ ወሰደባት።

ረቡዕ አዋላጇ መጡ። መኪናዋን አንድ ዙር ነድተው ተመለሱና የአባቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔን ሲያዩ "ይኼ ሎሚ ሲወለድም አኩርፎ ነው የወጣው፤ ማን እንዳስቀየመው እስከ ዛሬ አልነገረኝም" ብለው አሳቁብኝ። አባቴም ሳቀ፤ ግን እጁን ቶሎ አስለቀቀ። ሄደው ከዓይን እስኪጠፉ ድረስ እዚያው ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔ መኪናዋ ናፍቃው ነው ብዬ አዘንኩለት።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላትም። አዋላጇ ምጥ ወደ ያዛት ሴት ሲሄዱ፣ ዳገት ላይ፣ ካምቢዮው መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ አንቋረረ፣ ከዚያ ማርሽ አልቀበል አለ። መኪናዋን ጥለው ቦርሳቸውን ይዘው ሁለት ሰዓት በእግር ሄዱ። ሲደርሱ ሕፃኑ ቀድሟቸዋል። ሴትዮዋ ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ እሳቸው ባይደርሱ አታድርም ነበር አሉ። ይህን ለእናቴ ሲነግሯት እኔ ደጃፍ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። የገባኝ ነገር ሁለት ሰዓት በእግር መሄድ በጣም እንደሚያደክም ብቻ ነው።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ አጎቴ ጋራዥ ገባች። ማክሰኞ ነበር። አዋላጇ የነገሩት አንድ ነገር ነው፤ ከወንዙ ማዶ መንታ ያረገዘች ሴት አለች፣ ሕፃናቱ ተጋድመዋል፣ ከቅዳሜ አታልፍም። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ከሌለኝ እዚያ አልደርስም አሉ።

እኔ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። አባቴም መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ የድርጅቱን ቱታ ለብሷል። አዋላጇ ቦርሳቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል፤ ጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጦ ያያል። አጎቴ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ የካምቢዮውን ማፍሰሻ ብሎን ፈታ፤ እኔም እንደ ባለ ጆሮነቴ አጠገቡ በደረቴ ተኛሁና አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። ዘይት ፈሶ ሲወርድ ይንቆረቆራል፤ ያኛው ግን ድምፅ አልነበረውም። ገና ምን እንደሚወርድ ሳላይ የአጎቴ ክንድ ባለበት ቀረ። በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አሸ። አሸተተ። ከመኪናዋ ሥር እንዳለ አንገቱን አዙሮ በር ላይ የቆሙትን ጫማዎች አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም ነበር።

"ውጣ" አለኝ።

"ጋሼ፣ እኔኮ ብቻ..."

"ውጣ አልኩህ። ጋራዥ የሕፃን መጫወቻ አይደለም።" እሱም ከሥር ወጥቶ ቆሟል፤ ያ መዳፍ ደረቴ ላይ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። "ጆሮ አለው ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ። ዳግመኛ እግርህ እዚህ እንዳይረግጥ።"

አባቴን አየሁት። ያድነኛል ብዬ ነበር። የጫማውን ጫፍ ያያል።

ወጣሁ፤ ግን አልሄድኩም። የጋራዡ አጥር ቆርቆሮ ነው፣ ምስማር የወጣበት ቀዳዳ አለው። ዓይኔን እዚያ ላይ ተከልኩ። አጎቴ ከካምቢዮው የወረደውን ሁሉ በባልዲ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደና በርሜል ውስጥ ደፋው። ላምባ ጨመረበት፣ ክብሪት ጫረ። የበርሜሉ ጭስ ወደኔ ነፈሰ። ከዘይቱ ክርፋት ጋር ሌላ ሽታ ነበረው፤ ደስ የሚል፣ የማውቀው። የአናጢው ቤት ሽታ ነበር። እኔ ግን የሸተተኝን ወደ ጎን ትቼ በዓይኔ ባየሁት ነበር የምፈርደው፤ ያየሁት ደግሞ አንድ ሰው ያበላሸውን ነገር ሲያቃጥል ነው።

የገመትኩትንም ራሱ አረጋገጠልኝ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዋላጇ ፊት ቆመ።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "ይኼ ካምቢዮ የሚፈልገው ወፍራም ዘይት ነው። እኔ ነኝ ቀጭን ዘይት ጨምርበት ብዬ የነገርኩት። ያበላሸሁት እኔ፣ የምሠራውም እኔ። ቅዳሜ ጠዋት ደጅዎ ላይ ትቆማለች።"

አዋላጇ አጎቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አባቴን አዩት። ከዚያ "ቅዳሜ" አሉ። አባቴ አሁንም ጫማውን ያያል። እኔ ከቀዳዳው ሆኜ ይህን ትልቅነት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ሌላ ሰው ቢሆን በሚስቱ ወንድም ላይ ይጮኽ ነበር፣ አባቴ ግን ቻለው ብዬ ኮራሁበት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት በዚያች ቀዳዳ አሳለፍኳቸው። ሲወድቅ ለማየት ነበር የመጣሁት፣ እውነቱን ልናገር። አጎቴ ካምቢዮውን ብቻውን ደረቱ ላይ ተቀብሎ አወረደው። ከፈተው። ጥርሶቹን አንድ በአንድ በቤንዚን አጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ደረደራቸው፤ ማንም ሰው ጨርቁን እንዳይነካ አለ። የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታ ኳሶች በምስጥ የተበሉ ይመስሉ ነበር። የሦስተኛው ማርሽ ሁለት ጥርስ ተሸርፏል። ረቡዕ ዕለት ያረጁ መኪናዎች የሚጣሉበት ሜዳ ሄዶ የሁለት ሬሳ መኪናዎችን ካምቢዮ እዚያው ፀሐይ ላይ ከፍቶ፣ ከአንዱ ማርሽ ከሌላው ኩሽኔታ ይዞ ተመለሰ። ሐሙስ ገጠመ፣ ሰቀለ፣ ዘይት ሞላ፣ አስነሣ።

ጮኸች። እንደ ድሮው አይደለም፤ ቀጭን ፉጨት ብቻ። ግን ጮኸች።

እኔ ቀዳዳው ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ጎሚስታው በቃህ፣ ይኼማ ሰው ያደርሳል፣ ወንዙን ተሻግሮ ይመለሳል አለው። አጎቴ ጎማ ላይ ተቀመጠና አንድ ኩባያ ውኃ ጠጣ። ኩባያውን አስቀምጦ ተመልሶ ሥሯ ገባ። ያን የጠበቀውን ብሎን ሁሉ እንደገና መፍታት ጀመረ።

ዓርብ ዘንጉን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋው አየሁት። ፀጉር የምታህል ትንቀሳቀሳለች፤ ዘንጉን ከጎን የሚይዘው ቀጭን ቀለበት ተበልቷል። የዚያ ቀለበት ምትክ የትም የለም። አሮጌ የበር ቁልፍ ፈታና ከውስጡ ያለውን ዝርግ ነሐስ አወጣ። ቆረጠው፣ በሳው፣ ከዚያ ሞረድ ያዘ። ሲሞርድ ዋለ። ይሞርዳል፣ ይለካል፣ ይሞርዳል። አንዱን አበላሽቶ ጣለው፤ ሌላ ቁልፍ ፈታ። ያን ቀን እሱን መጥላት አስቸግሮኝ ስለነበር ሸሚዜን እያየሁ ነበር የምጠላው።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ሱቆች ሳይከፈቱ መኪናዋ አዋላጇ ደጅ ቆማ ነበር። በኔ በር ስታልፍ ሦስተኛ ላይ ነበረች። የጎማዋ ድምፅ ብቻ ነው የተሰማው። መንታዎቹ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ተወለዱ፤ ሁለቱም በሕይወት። አንደኛው ዛሬ ደንበኛዬ ነው፣ ፍሬኑን አጥብቆ የሚረግጥ የማይረባ ሹፌር።

ሰፈር ግን መንታውን ሳይሆን ቀጭን ዘይቱን ነው ያወራው። "ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው" እያሉ ቀለዱበት። ዘይት የማይለይ መካኒክ አሉት። ነገሩን ያቀጣጠልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ "ቀጭን ዘይት!" ብዬ እጮኻለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ልጅ ሁሉ ይቀበለኛል። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ አደረግን። አጎቴ አንድም ቀን ቀና ብሎ አላየንም። እናቴ አንድ ጊዜ ደርሳብኝ በጥፊ አጮለችኝና፣ ራሷ ማልቀስ ጀመረች። "ወንድሜን አትንካብኝ፤ አንተማ ከማንም በላይ አትንካው" አለች። ለዘመዷ አዳላች ብዬ እሷንም መዘገብኳት።

መኪና ያላቸው ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ። አጎቴ ብስክሌትና የውኃ ፓምፕ መጠገን ጀመረ። እኔም አሥራ አራት ሲሞላኝ ሙያውን ከዚያው ከሌላው ጋራዥ ተማርኩ። በእልህ ነው የተማርኩት፤ ጆሮ እንዳለኝ ላሳየው። ደግሞም አለኝ።

አባቴ የሞተው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። አልጋ ላይ ሳለ አንድ ቀን አጎትህን ጥራልኝ አለኝ። እሺ አልኩ። አልጠራሁትም። በሌላ ቀን ደገመው፤ ጋራዥ ሥራ በዝቶብኛል፣ መንገዱም ሩቅ ነው አልኩ። የአጎቴ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። አባቴ ሊናዘዝ እንደፈለገ ማን ይነግረኛል? የበደለውን ሰው ይቅር ሊል መስሎኝ፣ ያ ሰው ይህ ክብር አይገባውም ብዬ ቀናሁበት።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው የሚጮኽ መኪና ይዞ መጣ። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጁ አብራው ነበረች፤ ያየችውን ሁሉ የምትጠይቅ። እኔ ልጅ የምታገሥ ሰው አይደለሁም፤ እሷን ግን ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሞተሩን አስነሥቼ ፍሪሲዮኑን እየረገጥኩ አስሰማኋት። ካቻቪቴውንም ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። የት እንደሚብስ በጣቷ አሳየችኝ፤ ልክ ነበረች። አባቷ ግን ከደስታዋ ጋር አልሳቀም። ማፍሰሻውን ስፈታ ዘይቱ በድምፅ አልወረደም። እንደ ጭቃ እየተቆረሰ መጣ። ሰጋቱራ። ይህን የመሰለ የሸፍጥ ሥራ በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ አይቻለሁ፤ ሰጋቱራው ጥርሶቹ መሃል ገብቶ ጩኸቱን ለጥቂት ጊዜ ያፍናል፣ ከዚያ ኩሽኔታውን ዘይት ከልክሎ ይገድለዋል። ሰውዬውን ልሰድበው አፌን ስከፍት ልጅቱ አንገቷን ሰገግ አድርጋ "ምንድን ነው እሱ?" አለች። ሰውዬው በር ላይ ቆሟል። ፊቱን አየሁት። እንዳታውቅ ብሎ በዓይኑ ለመነኝ።

"ውጪ" አልኳት። "ጋራዥ የሕፃን መጫወቻ አይደለም። ዳግመኛ እዚህ እንዳላይሽ።"

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የራሴ አልመሰለኝም። ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። አጥሩ ጋ እንደምትቆም አውቄ ነበር፤ እኔ ብሆን እቆማለሁ። እንዳታየው ብዬ ባልዲውን ወደ ጓሮ ወሰድኩና በርሜል ውስጥ ደፍቼ አቃጠልኩት። ከዚያ በፊት አንድም ጊዜ አቃጥዬው አላውቅም፤ ከሌላው ቆሻሻ ዘይት ጋር ነበር የምደፋው። ጭሱ ተነሣ። ጥድ ጥድ አለ።

በርሜሉ አጠገብ ተንበረከክሁ። የእናቴ ወንፊት፣ ጆንያው፣ ደረቅ ሣር ላይ የተኙት ዶሮዎች፣ የአባቴ ጫማ፤ ሁሉም በተራቸው መጡ፣ አንድም አልቀረ። አጎቴ ያን ቀን ያቃጠለው የኔን ሰጋቱራ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው ሊያይ ያልቻለው፤ እኔ በዚያች ሰዓት ከመኪናዋ ሥር ሆኜ የነፋሁትን ዱቄት አይቼ፣ በሌላ ዓይን አባቴን ቀና ብዬ እንዳየው። ስለዚህ በአባቴ ምትክ ራሱን እንድጠላ ሰጠኝ። እኔም ተቀበልኩ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳላጓድል ጠላሁት።

በዚያው ሳምንት ሄድኩ። አጎቴ አርጅቷል፤ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥቶ የሆነች ትንሽ ብረት ይሞርዳል። የቀኝ ጆሮው ፈጽሞ አይሰማም፣ ግራውም የሚሰማው ተለምኖ ነው። በመንገድ የተለማመድኩት ብዙ ቃል ነበር፤ እፊቱ ስቆም አንዱ ብቻ ቀረ።

"ጋሼ፣ ሰጋቱራውን ከአናጢው ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።"

እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ "ምን?" አለ። ጮኽ ብዬ ደገምኩት፤ መንገደኛ ዞሮ አየኝ። ግድ አልሰጠኝም፣ የምጮኸውን ያህል ድሮም በዚያ ሰው ደጅ ጮኼያለሁ። አጎቴ ሞረዱን አስቀመጠ።

"የምን ሰጋቱራ? ቀጭን ዘይት ነው እኮ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

"አባቴ ሞቷል ጋሼ። አሁን ማንን ነው የሚሸፍኑት?"

ብረቷን ወደ ብርሃን አንሥቶ አያት፣ በአውራ ጣቱ ዳበሳት።

"ያ ካምቢዮ ከዚያ በኋላ ጮኸ?" አለ።

"አልጮኸም። እትዬ መኪናዋን እስኪተዉ ድረስ አልጮኸም።"

"የማይጮኽ አይከፈትም" አለና ወደ ጎን ጠጋ ብሎ ወንበሩ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። "ቁጭ በል፣ ሎሚ።"

ተቀመጥኩ። በግራው በኩል ነው የተቀመጥኩት፣ በሚሰማው በኩል። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እዚያ ነኝ።

የሰውዬውን ካምቢዮ አወረድኩት። ገጥሜ ስሞክረው አፏጨ፤ ጋራዥ ያሉት በቃ ይሄዳል አሉኝ፣ እንደገና አወረድኩት። ለመኪናዋ ገዢ ተገኝቶላት እንደነበር ከሰውዬው አፍ አወጣሁ፤ ለገዢው ደውሎ መኪናዋ ታማ እንደነበረ ራሱ እስኪነግረው ድረስ ቁልፉን አልመለስኩለትም። ለልጁ ግን እኔም አልነገርኳት፣ እሱም አልነገራትም። ትምህርት ቤቷ በዚህ በኩል ነው። በጋራዤ በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ ትናንት ጓደኞቿን አስተባብራ የሆነ ስም ጠራችኝ፣ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም ብዬ ቀና ሳልል ብሎኔን ማጥበቅ ቀጠልኩ።

ሰምቻለሁ። ጆሮ አለኝ።